አርባ ሺህ እጅ

ሥራዬ እንባ መመርመር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መነጽሬን አድርጌ መስኮት ሥር እቀመጣለሁ። የሚያለቅስ ሰው ፊት በስልኬ በተራ በተራ ይመጣልኛል፤ እኔ ከሦስቱ አንዱን እነካለሁ፦ «እውነት»፣ «ሽንኩርት»፣ «ማዛጋት»። ሌላ ምርጫ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሠርቻለሁ። አንድ ሰው ከልቡ ያልቅስ ወይም ሽንኩርት አሽትቶ ይምጣ፣ ቅንድቡን ብቻ አይቼ እነግራችኋለሁ።

የምሠራው ለ«እህህ» ነው፤ በስልክ ለምናዝንበት መረብ። ለማን ሊሠራ ኖሯል? በእኛ ከተማ ከእህህ ውጭ የሚኖር ዕብድ ብቻ ነው። በቀን ሦስት ሐዘን ይመጣል፤ ጠዋት፣ ቀትር ላይና አሥር ሰዓት፣ ልክ እንደ ኪኒን። ደወሉ ሲጮኽ ሁሉም ባለበት ይቆማል፣ ስልኩን ፊቱ ፊት ያነሳል፣ ሦስት ደቂቃ ያዝናል። የሩቅ አገር መርከብ ሊሰጥም ይችላል፤ አምና እንኳ የአንድ የማናውቀው ዘፋኝ ውሻ ነበር የሞተው። አንድ ጊዜ የካቻምናው ጎርፍ በስህተት ተደግሞ ተላከልንና ከመጀመሪያው አብልጠን አለቀስንለት፤ ለምደነው ነበራ!

በሰዓቱ ያዘነ ሰው የግቢ በሩ ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ትሆናለች። የዘገየ ቢጫ። ያላዘነ ቀይ ይበራበታል። ቀይ የበራበት ሰው ዳቦ ቤት ሲሄድ መጨረሻ ይሰለፋል፤ ሰውም «ልበ ደንዳና» ይለዋል። የእኔ በር ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳይጎድል አረንጓዴ ነበር። ይኼን ለጉራ አይደለም የምነግራችሁ። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው።

ጋሽ አራጋው ጎረቤቴ ነበሩ። በአጥር ነው የምንለያየው። የሰፈራችን የእድር ጡሩምባ ነፊ ናቸው፤ ድሮ ሰው ሲሞት ማለዳ ተነሥተው ደረጃውን እየወጡ እየወረዱ ይለፍፉ ነበር። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ይሸከማል፣ ይቀብራል። እድሩ እህህ ውስጥ ከገባ ሠላሳ ዓመት ሆነው፤ ጡሩምባዋም ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ቀረች። የእሳቸው መብራት ከተተከለች ጀምሮ ቀይ ነች። ስልክ የላቸውማ! «ሁልጊዜ መጨረሻ መሰለፍ አይከብድዎትም?» ስላቸው፣ «መጨረሻ የቆመ ሰው ሁሉን ያያል» ይሉኝ ነበር።

ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ይጠሩኛል።

«ጀማነሽ! ዛሬስ ማን ሞተ?»

«አንድ አገር እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነው ጋሽ አራጋው። አራት መቶ ሰው።»

«አቤት! አቤት! ነፍስ ይማር!» ይሉና፣ «ለመሆኑ የሚቀብራቸው አለ?» ይላሉ።

በየቀኑ ይቺኑ ጥያቄ። እህህ ላይ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ «መቼም ይኖራል» እያልኩ ወደ ሥራዬ እገባለሁ።

ሚስታቸው እትዬ ይታይሽ ያረፉት የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። ልጅ አልነበራቸውም። ለቀብሩ ሰው አልመጣም፤ ሁሉም ከየቤቱ አለቀሰላቸው፣ ያውም ጥሩ አድርጎ፤ እኔው ራሴ ነኝ የመረመርኩት። ሬሳውን የወሰደችው በቅሎዋ ናት። በቅሎ የምንላት የቀብር ድርጅቱን ባለ አራት እግር ማሽን ነው፤ ከሰፈራችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ስለሆነ በጎማ አይወረድም። እሷም በሩጫ ነው የምትወርደው፤ ሌላ ቀጠሮ አለባታ። ጋሽ አራጋው ከዘራቸውን ይዘው እየተደናቀፉ፣ «ቆይ! ኧረ ቆይ እንጂ!» እያሉ ተከተሏት። ሲደርሱ አፈሩ ተመልሶ አልቋል። ያን ዕለት አጥሩ ሥር ጠሩኝ።

«ጀማነሽ፣ እኔ ስንቱን ሰው ተሸክሜ ወርጃለሁ። ቀኔ ሲደርስ በሰው እጅ አስቀብሪኝ። አደራ፣ ለዚያች በቅሎ እንዳትሰጪኝ።»

«እሺ» አልኳቸው። በዚያ ሰዓት ሌላ ምን ይባላል? እሺ ማለት እንደሆነ ቀላል ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ፣ በአጥሩ በኩል የጠራኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ሁለት ተኩል ሆነ። አሥራ አንድ ሽንኩርትና ሦስት ማዛጋት መረመርኩ። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ሄድኩ። ጋሽ አራጋው በቀኝ ጎናቸው ተኝተው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ አርፈዋል። እሪ ብዬ ጮህኩ። ማንም አልሰማኝም እንጂ ደህና አድርጌ ነበር የጮህኩት።

ደንቡ አጭር ነው። የሞተ ሰው በዕለቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተሸካሚ ካላገኘ በቅሎዋ ትመጣለች። ሳጥኑን እሳቸው ቀድመው ከዋንዛ አሠርተው አልጋቸው ሥር አስቀምጠዋል፤ አራት እጀታ አለው። የደብሩ አባ መጥተው ገነዟቸው፣ ፍትሐቱን አደረሱ። ተሸካሚ ቢሆኑ ምን ነበረበት እንዳትሉኝ፤ አባ ራሳቸው በከዘራ ተደግፈው ነው የሚሄዱት። አንዱን እጀታ እኔ እይዛለሁ። ድሮ ሴት ሬሳ አትሸከምም ይባል ነበር፤ አሁንም እንደዚያ የሚል ካለ መጥቶ ራሱ ይሸከም። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ሦስት ሰው ነው። ስድስት መቶ አባወራ ካለበት ሰፈር፣ ሦስት ሰው!

እህህ ላይ ጻፍኩ፦ «ጎረቤቴ ጋሽ አራጋው አርፈዋል። ሳጥናቸውን የሚሸከም ሦስት ሰው እፈልጋለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረሱልኝ።»

እህህ ጽሑፌን ተቀብሎ አሳመረው። ሲያሳምረው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር አወጣቸው፤ ሐዘን ያደበዝዛሉ ብሎ መሰለኝ። በምትካቸው ዋሽንት ጨመረ። የአንድ መልከ መልካም ጎረምሳ ፎቶ ጨመረ፤ ጋሽ አራጋው በሕይወታቸው እንደዚያ መስለው አያውቁም። ከሥሩ «የመጨረሻው ጡሩምባ» ብሎ ጻፈበት። ስድስት ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። ጋሽ አራጋው የቀትሩ ሐዘን ሆነው ተመርጠዋል።

ወይ ጉድ! ሦስት ሚሊዮን ሰው አለቀሰ። «ቃል የለኝም» ብሎ የጀመረ አንድ ሰውዬ ሰባት አንቀጽ ጻፈ። አንዷ «ሟቹ አባቴን አስታወሱኝ» ትላለች፤ አባቷ አጠገቧ ቆሞ አብሯት እያለቀሰ ይታያል። ሌላው ዋሽንቱን የነፋው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። እኔ በአውራ ጣቴ እየደበደብኩ ጻፍኩ፦ «ጎበዝ፣ እንባችሁ ደርሶኛል፤ አምላክ ይስጥልኝ። አሁን የቸገረኝ እጅ ነው። እጅ ላኩልኝ!»

ላኩልኝ። አርባ ሺህ እጅ ላኩልኝ። የተዘረጋ እጅ፣ የተጨባበጠ እጅ፣ ለጸሎት የተገጠመ እጅ፣ ልብ የያዘ እጅ። ሁሉም ሥዕል ነው። ስልኬን መቀነቴ ውስጥ ሻጥ አድርጌ በእግሬ ወጣሁ። ሰባት ሰዓት ሆኗል።

መጀመሪያ ልዑልሰገድ ዘንድ ሄድኩ። ከጋሽ አራጋው ደጃፍ ሃያ ደረጃ ዝቅ ብሎ ነው የሚኖረው። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ በአገር የታወቀ አልቃሽ ነው፤ እሱ ሲያለቅስ ሁለት ሚሊዮን ሰው ይከተለዋል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ገፋ አደረግኩት። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ስልኩን ፊት ለፊቱ አቁሞ፣ «ወይኔ ጋሽ አራጋው! ወይኔ አባቴ!» እያለ ደረቱን ይደቃል። እንባው እንከን አይወጣለትም።

«ልዑልሰገድ» አልኩት።

«እሽሽ!» አለኝ አንድ ዓይኑን ገልጦ። «እትዬ ጀማነሽ፣ እያለቀስኩላቸው እኮ ነው!»

«ሬሳቸው እዚህ ላይ ነው ያለው። ሃያ ደረጃ ነው። ተነሥና ተሸከማቸው።»

«አሁን ከተነሣሁ ይቋረጣል። ሁለት ሚሊዮን ሰው ይዤ የት ልሂድ?»

«እነሱንም ይዘሃቸው ና!»

«ደረጃው ላይ ብርሃኑ ጥሩ አይደለም» አለና ወደ ለቅሶው ተመለሰ።

ይማም ዘንድ ሄድኩ። ይማም ቆርቆሮ ጠጋኝ ነው፤ ትከሻው በር ያህላል። መሰላል ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ መዶሻ፣ በአንዱ ስልክ ይዟል። በየትኛው እጁ እንባውን እንደጠረገ እስካሁን አልገባኝም።

«ነፍሳቸውን ይማር፣ እትዬ። በጣም ነው የነካኝ።»

«ከነካህ ውረድ።»

«እወርድ ነበር፤ ለቅሶ ቤት መሄድ ግን ቀረ እኮ! በአካል ብሄድ ሰው ምን ይለኛል? በስልክ ማዘን አቅቶት ነው አይለኝም?» አለኝ፤ ከአንጀቱ ነው የሚናገረው። ነውር አደረግሽብኝ በሚል ዓይን አይቶኝ ወደ ቆርቆሮው ዞረ።

ጦይባ መምህርት ናት፤ ስድስተኛ ክፍል የሐዘኔታ ትምህርት ታስተምራለች። በሩን ከፍታ ሁለት እጄን ያዘችኝና ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «የሚሰማሽ ሁሉ ይሰማኛል፣ እትዬ» አለችኝ።

«እንግዲያው ነይ ተሸከሚ።»

እጄን ለቀቀችው። «መሸከም እንኳ የእኛ ትምህርት ውስጥ የለም» አለች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ተመልሼ ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ አልኩ። በራሴ አፈርኩ። ለዚህ ሁሉ ሰው «እውነት» እያልኩ ስፈርድለት የኖርኩት እኔው ነኝ እኮ! እንባቸው እውነት ነው፤ አልዋሹም፤ ግን ከወንበር የማያስነሣ እውነት ነው። «ጋሽ አራጋው፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ቀና ስል ጡሩምባዋ ግድግዳው ላይ ናት።

አውርጄ አቧራዋን በቀሚሴ ጠረግኩና ደጃፉ ላይ ቆሜ ነፋሁ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ዝም ብሎ ወጣ። በሁለተኛው የታነቀች ላም የምታወጣው ዓይነት ድምፅ መጣ። በሦስተኛው ግን፣ ወገኖቼ፣ ሰፈሩ ተናወጠ!

«ስሙ! ያልሰማህ ስማ! የጋሽ አራጋው ቀብር ነው! ውጡ! ቅበሩ!»

በሮች ተከፈቱ። ስድሳ የሚሆን ሰው ደረጃው ላይ ፈሰሰ። እሰይ! ብዬ ሳልጨርስ ሁሉም ስልኩን አነሣ። ለመቅረጽ ነው የወጣው! ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ጡሩምባ በጆሮው የሰማ የለማ። «እትዬ፣ እስቲ አንዴ ድገሚው፤ የፊተኛው አመለጠኝ» አለኝ አንዱ። ይማም መዶሻውን እንደያዘ መጥቷል። ጦይባም መጥታለች። ልዑልሰገድም ዓይኑ እንደቀላ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ ሁለት ሚሊዮኑን አስከትሎ እየሮጠ መጣ።

ያኔ ነው ተንኮሉ የመጣልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አልቃሽ ሲያዩ ኖሮ እሱን እንኳ ካልተማሩ በከንቱ ነው የተኖረው።

«ልዑልሰገድ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ከፊት፣ በቀኝ በኩል የሚይዝ ሰው ፀሐዩ ፊቱ ላይ ያርፍበታል።»

ወደ ሰማይ ቀና አለ። ደረጃውን አየ። «ልክ ነሽ» አለና ገብቶ የፊቱን የቀኝ እጀታ በአንድ እጁ ያዘ፤ በሌላው ስልኩን ወደ ራሱ ዘረጋ። ይማም ልዑልሰገድ ሲቀረጽ አይቶ ዝም አላለም፤ የግራውን ያዘ። ጦይባ «ለተማሪዎቼ ምሳሌ ይሆናል» ብላ ከኋላ ገባች። እኔ ከጎኗ ሆንኩ።

«በሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

ጋሽ አራጋው ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ዋንዛ ግን ዋንዛ ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ ሳንወርድ ሳጥኑ ወደ አንድ ጎን ዘመመ፤ ከውስጥ እሳቸው ሲንሸራተቱ በእጃችን ተሰማን። ጦይባ ጮኸች።

«በሁለት እጅ!» አልኩ። «በሁለት እጅ ያዙ፣ እናንተ! ሰው ነው እኮ!»

ይማም ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጦይባ የእሷን በጥርሷ ነከሰችው። ልዑልሰገድ ስልኩን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ ደግሞ ስልኩን አየ፤ ከዚያ ለቀቀው። ሁለት ሚሊዮን ሰው እንደያዘ ደረጃ በደረጃ ኳ! ኳ! እያለ ወርዶ ከአንዱ ቦይ ሲገባ ሰማሁት።

ሠላሳኛው ደረጃ ላይ በቅሎዋ መጣች። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እሷ አታረፍድም።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች በዚያች ለስላሳ ድምፅዋ። «ሟችን ለመረከብ መጥቻለሁ። ስለ ሐዘናችሁ አዝናለሁ።»

«ተሸካሚ አግኝተዋል!» አልኳት።

«ተሸካሚ አልተመዘገበም። እባካችሁ አስቀምጧቸው።»

«ዞር በይ ከመንገድ!» አለ ይማም።

እሷ ግን ቀጠሮ ይዛለች። ከኋላችን ሆና ባዶዋን እየዘለለች፣ የሐዘን ዜማዋን እያሰማች፣ በየሃያው ደረጃ «እባካችሁ አስቀምጧቸው» እያለች ተከተለችን። ቀስ ስንልባት ልትቀድም እየሞከረች ሁለት ጊዜ ተረከዜን ረገጠችኝ። አለቀቅንም። ምነው ጋሽ አራጋው ይኼን ባዩ! እሳቸው ከፊት፣ በቅሎዋ ከኋላ። ሳቄ መጣ፤ ሬሳ ተሸክሜ ሳቅኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መቶኛው ደረጃ አካባቢ ዕረፍት አደረግን፤ ሳናስቀምጣቸው፣ እንደቆምን። ልዑልሰገድ ዞር ብሎ አየኝ።

«እኚህ ሰውዬ እኮ ይከብዳሉ» አለ። «ሕፃን ሆኜ በዚሁ ደረጃ እሽኮኮ አድርገውኝ ይወጡ ነበር፣ እትዬ። አንድ ቀን እንኳ ከበድከኝ ብለውኝ አያውቁም።»

ከዚያ አለቀሰ። ቅንድቡን ማየት አላስፈለገኝም። አፉ ተጣሟል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ የሚጠርግበት እጅ የለውም። ሃያ ሁለት ዓመት እንባ ስመረምር፣ አፍንጫውን መጥረግ ያልቻለ አልቃሽ አይቼ አላውቅም ነበር።

«እትዬ ጀማነሽ፣ እባክሽ አፍንጫዬን...»

«የእኔም እጅ ተይዟል፤ ተወው ይውረድ» አልኩት። የእኔም ይወርድ ነበር።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም ወረድን። እትዬ ይታይሽ አጠገብ አስገባናቸው። አሥር ሰዓት ላይ ደወሉ ሲጮኽ፣ የዚያ የዘፋኙ ውሻ ሙት ዓመት ነበር አሉ፣ እኛ እስከ ክርናችን አፈር ውስጥ ነበርን። በቅሎዋ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ቆይታ «ሽኝቱ ተሰርዟል» አለችና እየሮጠች ሄደች።

ቤቴ ስመለስ በሬ ላይ ቀይ በርቷል። ለካ የጋሽ አራጋውን ሐዘን በሰዓቱ አልገለጽኩም! በዚያ ላይ አንዱ ደረጃው ላይ ስንወርድ የቀረጸው ፊቴ ለምርመራ ቀርቦ፣ የሥራ ባልደረባዬ «ማዛጋት» ብላ ፈርዳብኛለች። አልተቀየምኳትም። አፌ ከክብደቱ የተነሣ በሰፊው ተከፍቶ ነበር፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምነካው።

ረቡዕ ጠዋት ዳቦ ቤት መጨረሻ ተሰለፍኩ። ከፊቴ ይማም ትከሻውን እያሻሸ ቆሟል። ከእሱ ፊት ጦይባ፣ መዳፏ ተልጦ። ልዑልሰገድ ከሁላችንም ዘግይቶ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ፤ ስልኩን ሊፈልግ አልሄደም። መጨረሻ የቆመ ሰው ሁሉን ያያል ያሉት እውነታቸውን ነው። ከፊታችን ሰባ የሚሆን ሰው፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ። የጠዋቱ ደወል ጮኸ። ሰባውም ስልኩን አንሥቶ አለቀሰ። እኛ አላነሣንም። ለተቃውሞ አይደለም፤ ክንዳችን አልነሣ ብሎን ነው።

ሦስት ደቂቃው ሲያልቅ አንድ ጎልማሳ ከሰልፉ መሐል ወጥቶ ወደ እኛ መጣ። አላውቀውም፤ ከታችኛው ደረጃ ነው። ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የትናንትናዎቹ እናንተ ናችሁ አይደል? እናቴ ደክማለች። እንግዲህ የእግዜር ነገር ነው... ምናልባት ቀኑ ከደረሰ፣ ትመጡልኛላችሁ?»

ሦስቱም እኔን አዩኝ።

«እንመጣለን» አልኩት። «ጡሩምባዋም እኔ ጋ ናት። ለመሆኑ አሁን ማን አለ አጠገባቸው?»

«ኧረ ማንም» አለ።

«ቁርስስ በልተዋል?»

ሰውዬው ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ከልዑልሰገድ ኋላ ቆመ። የደረሰችንን ዳቦ ይዘን፣ አምስት ሆነን፣ ቁልቁል ወደ ቤቱ ወረድን። ይማም ጎንበስ ብሎ ቀድሞ ገባ፤ እኛ ተከተልን። አንዲት አሮጊት መስኮት አጠገብ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። እኛን አራታችንን አንድ በአንድ አዩን፤ ትናንት በስልክ አይተውን ኖሯል፣ ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው ልጄ» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ሞትኩ እንዴ?»

«ኧረ አልሞቱም፣ እማማ!» አልኳቸው። «ልንጠይቅዎት ነው የመጣነው።»

ለጥቂት ጊዜ አላመኑኝም። ከዚያ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አልጋው ላይ ቦታ ሰጡን።